በኮሮና ጊዜ የሐዋሳ ሰው እንቅስቃሴ እንዴት ተለወጠ? የምታስታውሱትን በቦታና በሰዓት ጻፉልን

የአቶቴ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ታዳሚዎች። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን አልፏል ብለን የተውነው ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ከተማችን መንገድ፣ ስለ ገበያዋና ስለ መናኸሪያዋ ወደፊት የሚወስኑ ሰዎች ሳይረሳ ሊያውቁት የሚገባ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በወሩ መጨረሻ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ በሰዎች መካከል የሁለት እርምጃ ርቀት እንዲጠበቅ አዘዘ፤ የሕዝብ ማመላለሻም ከመጫን አቅሙ ከግማሽ በላይ እንዳይጭን ወሰነ። ይሁን እንጂ በብዙ አገሮች እንደታየው ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያዝ ክልከላ በአገር አቀፍ ደረጃ አልወጣም።

ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ሰው በግድ ቤት እንዲውል ባልተደረገበት ከተማ ውስጥ የትኛው ጉዞ ቀረ፣ የትኛው አጠረ፣ የትኛውስ ሰዓቱን ለወጠ? እኔ በዚያን ጊዜ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራ ስለነበር በየተራ እንድንገባ ሲደረግ ቤቴ ተቀምጬ መንገዱን የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ያየሁት ነገር «እንቅስቃሴ ቀነሰ» በሚለው አንድ ቃል የሚገለጽ አልነበረም። የደመወዝተኛው ጉዞ ሲቀር የቀን ሠራተኛው እርምጃ በዝቶ ነበር። ይህን የምለው በራሴ ደጃፍ ባየሁት ስለሆነ በሌላ ሰፈርና በሌላ ሥራ ላይ የነበራችሁ እባካችሁ ያያችሁትን ጻፉ።

ባለ ባጃጅ፦

የአቶቴ ነዋሪ፣ ይህን ስላነሡ አመሰግናለሁ። እኔ በዚያን ጊዜ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳና ወደ ሪፈራል ሆስፒታል አሽከረክር ስለነበር የማውቀውን በመስመሬ ልናገር። ከወረርሽኙ በፊት የቀናችን ገቢ በሦስት ሰዓቶች ላይ የቆመ ነበር፤ እነዚህም ተማሪና ሠራተኛ የሚወጣበት ጠዋት፣ የፈረቃ ተማሪ የሚለዋወጥበት እኩለ ቀንና ከሥራ መልስ ያለው ምሽት ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእኩለ ቀኑ ፈጽሞ ጠፋ፣ የጠዋቱም እጅግ ሳሳ። የምሽቱ ግን አልጠፋም፤ ወደ ቀኑ ተጠጋ እንጂ። ሰው ሳይጨልም ቤቱ መግባትን ስለመረጠ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚሳፈረው በረከተ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚጠራን በአብዛኛው ታማሚ የያዘ ሰው ነበር።

ከሁሉ በላይ ለውጡን ያመጣው የጭነቱ መቀነስ ነው። ከኋላ ሦስት ሰው የምትይዝ ባጃጅ ሰው ስትቀንስ የቀሪው ሰው ሒሳብ ጨመረ፤ ቤንዚንና የባለንብረቱ የቀን ገቢ ግን አልቀነሱልንም። በዚህ ምክንያት ተሳፋሪው በሁለት ተከፈለ። ገንዘብ ያለው ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ላለመቀመጥ ብሎ ኮንትራት መያዝን ልማድ አደረገው። ገንዘብ የሌለው በእግሩ ሄደ። ከታቦር ተራራ ሥር ተነሥተው እስከ ገበያ ድረስ ሸክማቸውን አዝለው የሚመላለሱ እናቶችን በየቀኑ እናይ ነበር፤ ብዙዎቹ ቀድሞ ደንበኞቻችን የነበሩ ናቸው። ባዶ ወንበር ይዤ በአጠገባቸው ማለፍ እጅግ ይከብደኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ራሱ መሄዱን ትቶ ዕቃ መላክ ጀመረ። ልጅ ለእናቱ ሽንኩርትና ዘይት ገዝቶ፣ ስልክ ቁጥሩን በፌስታሉ ላይ ጽፎ በባጃጅ ይልካል። ይህ ጉዞ በቆጠራ ቢገባ አንድ ጉዞ ነው፤ በውስጡ ግን ተሳፋሪ የለም።

የአለታዋ ልጅ፦

እኔ ከአለታ ወንዶ መጥቼ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስሰፋ የነበርሁ ነኝ። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙዎቻችን ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ወረዳዎች ተመልምለን የመጣን የገጠር ልጆች ነበርን፤ ለሦስትና ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የዕለት እንቅስቃሴያችን በጣም ጠባብ ነበር፤ ከኪራይ ቤት ወደ ሰርቪስ መኪና፣ ከሰርቪስ ወደ ሼድ (ወደምንሰፋበት የፋብሪካ አዳራሽ)፣ ከሼድ ወደ ሱቅ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሐይቁ ዳር እንሄዳለን። ከዚያ ያለፈ መንገድ አናውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

ወረርሽኙ ሲመጣ ከውጭ አገር ያዘዙ ገዢዎች ትእዛዛቸውን ስለ ሰረዙና ስላዘገዩ ሥራ ቀነሰ፤ ብዙ ሠራተኞችም ፈቃድ ወጡ ተባሉ። በአዋጁ ዘመን አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ ቤት አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። ነገር ግን የትርፍ ሰዓትና የምርት ማበረታቻ ሲቀር በመነሻ ደመወዝ ብቻ ኪራይ ከፍሎ መብላት አይቻልም። ስለዚህ ማንም ሳያስወጣን ወጣን። በእኔ ግቢ የነበሩት ልጆች አብዛኞቹ ወደየቤተሰባቸው ተመለሱ። በፓርኩ ሴት ሠራተኞች ላይ በስልክ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎችም ብዙዎች ከሥራ ውጭ መሆናቸውንና ከከተማ ወደ ገጠር መመለሳቸውን፣ የምግብ እጥረትም በመካከላቸው መኖሩን አረጋግጠዋል።

የአቶቴ ነዋሪ የጠየቁት የዕለት እንቅስቃሴ ለእኛ በአንድ ትልቅ ጉዞ ተቋረጠ ማለት ነው። ገጠር ከደረስን በኋላ ግን ዝም ብለን አልተቀመጥንም፤ ውኃ መቅዳት፣ ቡና መልቀም፣ ገበያ መውጣት ነበረብን። ከተማ ሳለሁ ከምሄደው ይልቅ እዚያ በእግሬ የምሄደው በዛ። ከተማዋ ውስጥ ለሚቆጥር ሰው ጠፍተናል፤ እኛ ግን በሌላ መንገድ ላይ ነበርን።

የመንገድ ባለሙያ፦

የሦስታችሁም ጽሑፍ በጣም ጠቃሚ ነው፤ በተለይም የእኅታችን የአለታዋ ልጅ የመጨረሻ አንቀጽ በእኛ ሙያ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ነገር አንሥቷል። እንቅስቃሴን ስንለካ ቢያንስ አራት ነገሮችን ለይተን ማየት ይገባናል። እነርሱም የጉዞው ብዛት፣ ርዝመቱ፣ ሰዓቱና የሚሄዱበት መጓጓዣ ናቸው። ባለ ባጃጁ ወንድማችን የነገሩን የሰዓትና የመጓጓዣ ለውጥ ነው፤ የአለታዋ ልጅ የነገረችን የርዝመትና የቦታ ለውጥ ነው። ሁለቱንም «ቀነሰ» በሚል አንድ ቁጥር ብንደምራቸው ሁለቱንም እናጣቸዋለን።

በዓለም ላይ በዚያን ጊዜ በሰፊው ይጠቀስ የነበረው ጉግል ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያወጣው የእንቅስቃሴ ዘገባ ነው። ዘገባው ቦታዎችን በስድስት ይከፍል ነበር፤ መደብርና መዝናኛ፣ የምግብ መሸጫና መድኃኒት ቤት፣ መናፈሻ፣ መናኸሪያና ጣቢያ፣ የሥራ ቦታ፣ መኖሪያ ቤት። ማነጻጸሪያው በፈረንጆች 2020 ከጥር 3 እስከ የካቲት 6 ያሉት አምስት ሳምንታት ሲሆኑ ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን የአምስቱ ሳምንታት መካከለኛ ቁጥር (በመጠን ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ተወስዷል። መረጃው ይመጣ የነበረው የቦታ ታሪክ መመዝገቢያውን ፈቅደው ከከፈቱ የስማርት ስልክ ባለቤቶች ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን መለኪያ ወደ ሐዋሳ ብናመጣው ምን እንደሚሆን አስቡት። ሸክም አዝላ ከታቦር ሥር ወደ ገበያ የምትሄደዋ እናት በአብዛኛው የቁልፍ ስልክ ነው የያዘችው ወይም ስልክ የላትም፤ ስለዚህ በዘገባው ውስጥ የለችም። በኮንትራት ባጃጅ የሄደው ሰው ግን አለ።

ማነጻጸሪያው ጊዜም ለእኛ አገር አይመችም። እነዚያ አምስት ሳምንታት ገናንና ጥምቀትን ይይዛሉ፤ ሰው ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት፣ ወደ ሐዋሳም ለሽርሽር የሚመጣበት ወቅት ነው። መካከለኛው ቁጥር የአንዲት ቀን ግርግርን ያለሰልሰዋል፤ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚዘልቀውን የወቅቱን መልክ ግን አያስወግደውም። በተጨማሪም የመኖሪያ ቤቱ ክፍል ይለካ የነበረው ሰው በቤቱ በቆየበት የጊዜ ርዝመት ሲሆን ሌሎቹ ይለኩ የነበሩት በጎብኚ ብዛት ነው። ሰው ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ድሮም ቤቱ ስለሚሆን የዚህ ክፍል ለውጥ ሁልጊዜ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳያስተውሉ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነጻጽሩ ጽሑፎችን አንብቤያለሁ፤ ድምዳሜያቸው አይታመንም።

የሞያሌ መስመር ሾፌር፦

ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብሁት። ሁላችሁም ለውጡን ሁሉ ለበሽታው ሰጣችሁት፤ በእኔ አስተያየት ግን ይህ ሊስተካከል ይገባዋል። እኔ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጌ ወደ ሞያሌ ጭነት አመላልሳለሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻን ሲያግዱ፣ የየብስ ድንበርም ከጭነት በቀር ሲዘጋ በመንገድ ላይ የቀረነው በአብዛኛው የጭነት መኪኖች ነበርን። ያኔ ሰው በአይሱዙ ላይ ከጭነት ጋር ይጓዝ ነበር፤ ኬላው ከመድረሱ በፊት ወርዶ በእርሻው ውስጥ በእግሩ ዞሮ ከኬላው ማዶ እንደገና የሚሳፈርም ብዙ ነበር። ከአውቶቡስ የተነጠለው መንገደኛ ሁሉ ቤቱ ተቀመጠ ማለት አይደለም። እጅግ አደገኛ ወደ ሆነ ጉዞ ነው የተገፋው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰኔው ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት ሻሸመኔ ክፉኛ ተጎዳች፤ መንገዶች ተዘጉ፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ከሐዋሳ በስተ ሰሜን ያለው መውጫ ሻሸመኔ ነው። በዚያ ሰሞን የሐዋሳ ሰው ከከተማ አልወጣም ከተባለ ምክንያቱ ኮሮና ብቻ ነበር ብሎ መመዝገብ ሐሰት ይሆናል። ሰው የቀረው ለሕይወቱ ፈርቶ ነው።

የመንገድ ባለሙያ፦

ወንድሜ፣ ትክክል ብለዋል፤ የጎደለውንም ሞሉት። በስልክ ላይ የተመሠረተ ማንኛውም መለኪያ ኢንተርኔት በተቋረጠበት በዚያ ወቅት ዕውር ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ሳምንታት ቀጥታ መሥመር አስምሮ ማገናኘትም አይቻልም። የ2012 ዓ.ም. ክረምት ለብቻው መጠናት ይኖርበታል። ለእኔ ከሁሉ የሚታመነው ምስክር በወቅቱ የተጻፈ ነገር ነው፤ የመናኸሪያ መውጫ ወረቀት፣ የባጃጅ ማኅበራት መዝገብ፣ የጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ደብተር። እነዚህ በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሳይጣሉ መሰብሰብ አለባቸው።

የአረብ ሰፈር እናት፦

ልጆቼ፣ ስለ መንገድና ስለ ስልክ ብዙ ተማርሁ። ስለ ገበያው ግን የተናገረ የለምና እኔ ልናገር። በየቤቱ የሚወጣ የሚገባውን የሚወስነው ጓዳ ነው። ጤፍ በኩንታል፣ ሽንኩርትና ዘይት ለወር ማስቀመጥ የሚችል ቤት ከገበያ ቀረ፤ ቢወጣም አልፎ አልፎ ሆነ። የዛሬን በዛሬ የሚያበላ ቤት ግን አዋጁ ቢወጣም በየቀኑ ይወጣል። እንዲያውም ገቢ ሲቀንስ የሚገዛው ስለሚያንስ መመላለሱ ይበዛል፤ ጠዋት ለቁርስ፣ ከሰዓት ለእራት። የእጅ መታጠቡም ነገር ሌላ ጉዞ ነበር። ቧንቧ በየተራ በሚመጣበት ሰፈር «እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» ማለት ለሴቶቹ ልጆች ተጨማሪ ጀሪካን ማለት ነው።

ጉሊትም ቦታዋን ለወጠች። ትልቁ ገበያ ሲከፋፈልና ሰው መጋፋትን ሲፈራ ቲማቲምና ድንች የሚሸጡ ሴቶች ወደየመንደሩ ገቡ፤ በራችን ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀመጡ። ለገዢዋ ርቀቱ አጠረ። ለሻጯ ግን ረዘመ፤ ከጅምላ ተረክባ፣ ተሸክማ፣ መንደር ለመንደር ዞራ ነው የምትሸጠው።

የልቅሶ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሥራ ትቶ መሄድ፣ ድንኳን መቀመጥ፣ ቀስ በቀስም ሣልስቱንና ዐርባውን ማውጣት ግዴታ ነው። በዚያ ዓመት እድራችን ድንኳን መጣልን አቆመ፤ ሰው ከበር ቆሞ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ይመለስ ነበር። የትንሣኤ በዓልም ሚያዝያ 11 ቀን በአዋጁ ውስጥ ዋለ፤ ገብርኤል ደጅ ሳንሰግድ በቤታችን ነው ያነጋነው። ጎረቤቶቼ የሆኑ ሙስሊሞችም የጁምዓ ሶላት በመስጊድ ቀርቶባቸው ረመዳንን በቤታቸው ጾሙ። ቁጥር ለሚሰበስቡት ልጄ የምለው ይህ ነው፦ ሰው ለሥራ የሚሄደውን ብቻ ከቆጠራችሁ የእኛን የሴቶቹን መንገድ ግማሹን ትስታላችሁ፤ የእኛ ጉዞ ለልቅሶ፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለማኅበርና ለውኃ ነው።

የጤና ባለሙያ፦

የእናታችንን አስተያየት ከልብ እቀበላለሁ። ከጤና በኩል አንድ የጎደለ ጉዞ አለ፤ ወደ ሕክምና የሚደረገው። በምሠራበት ጤና ጣቢያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው በሽታውን ከእኛ እንዳይወስድ ፈርቶ ቀረ። የደም ግፊትና የስኳር ታካሚዎች ቀጠሮ ያሳልፉ ነበር፤ ነፍሰ ጡሮች ክትትላቸውን ያቋርጡ ነበር፤ የሕፃናት ክትባትም ይዘገይ ነበር። ከከተማው ዳርቻ፣ ከቱላ አቅጣጫ የሚመጡት ደግሞ ፍርሃቱን ቢያልፉ እንኳ የመጓጓዣው ዋጋ ይይዛቸዋል።

አንዳንድ ጉዞ ደግሞ ቢቀር የሚጠቅም መሆኑን ያየነው ያኔ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱና ጤናቸው የተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር ከወረርሽኙ በፊት ተጀምሮ ነበር፤ በወረርሽኙ ጊዜ ጥቅሙ ጎልቶ ታየ። ታካሚው ወረፋ አልያዘም፣ የትራንስፖርት ገንዘብ አላወጣም፣ መድኃኒቱንም አላቋረጠም። ለግፊትና ለስኳር ታካሚዎች ግን እንዲህ ያለ አሠራር በእኛ ዘንድ ስላልነበረ ልጅ ወይም ጎረቤት ካርድ ይዞ መድኃኒት ሊወስድ ይመጣ ነበር። የታማሚው ጉዞ በጤነኛው ተተካ፤ ሐኪሙ ግን ታማሚውን አላየውም፤ ግፊቱም አልተለካም። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት መቀነስ እንደ ጥሩ ውጤት መቁጠር የለብንም።

የሐይቅ ዳር አስጋሪ፦

እኔ በሐይቁ ዳር ስላለው የአሣ ገበያ፣ ስለ አሞራ ገደል፣ አጭር ነገር ልበል። ወረርሽኙ የመጣው በዐቢይ ጾም ነው፤ ለእኛ ቆሮሶ የሚባለው አሣ በብዛት የሚፈለግበት ጊዜ ነው። እንግዳና ጎብኚ በአንድ ጊዜ ቀረ፤ ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሑድ የሚመጣው መኪና ጠፋ፤ ሐይቁ ዳር ያሉ የአሣ ቤቶች ባዶ ሆኑ። እኛም የጀልባ ሰዓታችንን ቀየርን። ገዢው ጠዋት በማለዳ ለቤቱ የሚወስድ የሰፈር ሰው ስለሆነ መረብ አንሥተን ቀድመን መድረስ ነበረብን። ጎን ለጎን ደግሞ የከተማው ሰው ለእግር ጉዞና ለሩጫ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መምጣት አበዛ። አዳራሽና ጂም ሲዘጋ ሰው ክፍት ቦታ ፈለገ፤ ሜዳማዋ ከተማችን ለብስክሌትም ስለምትመች ወጣቶቹ በማለዳ ይወጡ ነበር። ሐይቁ ዳር በሌሊቱ መጨረሻ እንዲያ ሲሞላ በፊት አላየሁም።

የአቶቴ ነዋሪ፦

እጅግ አመሰግናችኋለሁ። ከጠበቅሁት በላይ ነው የጻፋችሁልኝ። የመንገድ ባለሙያው የጠቆሙትን የመዝገብ ማሰባሰብ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ልጀምር አስቤያለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ሲጠናቀቅ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ እንቅስቃሴው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም?

የአለታዋ ልጅ፦

ስለ እኛ ልመልስልዎ። ፓርኩ ውስጥ አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች የፊት ጭምብል ወደ ማምረት ስለዞሩ ቀደም ብለው የተጠሩ ልጆች ነበሩ። ሌሎቻችን ቆይተን ተመለስን። የተመለስነው ግን ወደ ቀድሞው ክፍል አይደለም፤ ከፓርኩ ራቅ ብሎ ኪራይ ወደሚቀንስበት ሰፈር ነው፤ ስለዚህ ጠዋት የምንወጣበት ሰዓት ቀደመ። ጨርሰው ያልተመለሱም አሉ። ከእኔ ጋር ትኖር የነበረችው ልጅ አለታ ወንዶ ላይ የሻይ ቤት ከፍታ ቀርታለች።

ባለ ባጃጅ፦

በእኔ መስመር የተመለሰውና ያልተመለሰው የተቀላቀለ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ክፍል እንዳይጨናነቅ ተማሪውን በፈረቃና በየተራ ቀናት ስለ ከፋፈሉት የጠዋቱ ግርግር እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ የእኩለ ቀኑ ግን ከድሮው ይበልጥ በረታ። ትርፍ አለመጫኑ ብዙ አልቆየም። ጭምብል የሚያስገድደው መመሪያ ቁጥር 30/2013 ወጥቶ ሳለ እንኳ ባጃጆች ሦስት ሰው፣ አንዳንዴም ከፊት ጨምረው መጫን ጀምረው ነበር። ዋጋው ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም። በእግራቸው መሄድ የጀመሩት እናቶች ብዙዎቹ እስከ አሁን በእግራቸው ናቸው፤ ለዚህም ነው ከታቦር ሥር ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የእግረኛ መሄጃና ጥላ የሚሆን ዛፍ እንዲታሰብበት ለቀበሌው በቃል ያመለከትሁት። መዝገቡን ስትሰበስቡ ይህን መንገድ እንዳትዘሉት እለምናለሁ፤ የሚቆጥር ሰው ከፈለጋችሁ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አብሬያችሁ እቆማለሁ።